የወንዝ አሳ የማን ነው? መንጠቆ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት

ክረምቱ ሲወጣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር መዋል የሚወድ ወጣት ብዙ ነው። ሦስት አራት ጓደኛ ሆኖ፣ ዳቦና ውሃ ይዞ፣ አንድ ጥቅል የናይለን ክርና ጥቂት መንጠቆ ገዝቶ መሄድ ነው። ወጪው ካፌ ቁጭ ተብሎ ከሚከፈለው ሂሳብ አይበልጥም። ግን ወንዙ ጋ ሲደረስ ሁሌ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ እዚህ ማጥመድ ይቻላል ወይ? የሚያስከፍል አለ? ባለቤቱ ማነው?

ከባለቤቱ እንጀምር። ወንዝ የግል አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 197) ደግሞ የአገሪቱ የውሃ ሀብት ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ «ይሄ ወንዝ የኔ ነው» ብሎ የሚከለክላችሁ ግለሰብ ሊኖር አይችልም።

ወንዙ የጋራ ቢሆንም ዳርቻው ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ገበሬ ማሳ ነው። በበቆሎው መሃል ቀዳችሁ ወርዳችሁ «ውሃው የሕዝብ ነው» ብትሉ ሕጉ ከናንተ ጋር ቢሆን እንኳ ቀኑ ከናንተ ጋር አይሆንም። መጀመሪያ ሰላምታ ነው። «እንደምን ዋሉ አባባ፣ እዚህ ዝቅ ብለን ትንሽ ብናጠምድ ቅር ይልዎታል?» ማለት ምንም አያስወጣም። ደግሞ የትኛው ጋ ገደል እንዳለ፣ የትኛው ጋ ውሃው እንደሚያሽከረክር፣ አዞ የታየው የት እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ይሄን ኢንተርኔት ላይ አታገኙትም።

የአካባቢው ልጆች «የመግቢያ» ብለው ገንዘብ የሚጠይቁበትም ቦታ አለ። ቦታው በማኅበር ወይም በሎጅ የሚተዳደር ከሆነ ደረሰኝ ይኖራል፣ ጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ ክፍያ ሳይሆን ልመና ወይም ማስፈራራት ነው፤ በኔ እምነት ተጨቃጭቆ ቀን ከማበላሸት ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ቦታ መያዝ ይሻላል።

አሳውን በተመለከተ ራሱን የቻለ ሕግ አለ፦ በ1995 ዓ.ም የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315። ክልሎችም የየራሳቸውን ደንብ አውጥተዋል። መስመሩ ያለው ሽያጩ ላይ ነው። የያዛችሁትን ለሆቴል ወይም ለገበያ ማቅረብ ስትጀምሩ ንግድ ውስጥ ገብታችኋል፣ ንግድ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል። ለመዝናናት ለምትወጡ የየክልሉ አሠራር ስለሚለያይ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ መጠየቅ ነው፤ የትኛው ቦታ ለማኅበር እንደተሰጠ፣ የትኛው ወር እንደሚዘጋ እነሱ ይነግሯችኋል። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነ (አዋሽ ፓርክ፣ ነጭ ሣር፣ ጋምቤላ) ወንዝ ነው ብላችሁ ዘው አትበሉ። እዚያ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ፓርኩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው። አሳ ለመያዝ የሚመቸው ጊዜና አሳው መነካት የሌለበት ጊዜ አንድ ላይ የሚወድቁበት አካባቢ አለ። ጣና ማለቴ ነው።

ጣና ውስጥ ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ የሚሉት ወገን ይኖራል። የካርፕ ዘመድ ሲሆን ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። የካርፕ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ እነዚህ ግን ግማሽ ያህላቸው ሌላ አሳ አሳድዶ በመብላት የሚኖሩ ናቸው። በዓለም ላይ ይህን የሚመስል የካርፕ ወገን ስብስብ የነበረው ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ ነበር፣ የዚያኛው ዝርያዎች ጠፍተዋል። የቀረው የኛ ነው ማለት ነው።

ከነዚህ ብዙዎቹ ሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው ወንዝ ይወጣሉ፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ይበዛሉ። ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ግልገል አባይንና ገባሮቻቸውን ይዘው ወደ ላይ ይጓዛሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ ውሃው ጥርት ብሎ በፍጥነት የሚሄድበት ቦታ ነው። እንቁላሉ ጠጠር መሃል ገብቶ አየር የያዘ ውሃ እያለፈበት ካልሆነ አይፈለፈልም። ደለል ከሸፈነው ይታፈናል። ትንንሾቹ አድገው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፣ ግን እድገታቸው ቀስ ያለ ነው፤ ለመራባት ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። እናት አሳዎቹ ወደ ወንዝ ለመግባት ሁሉም በአንድ በር ያልፋሉ፣ በወንዙ አፍ። ሐይቁ ላይ ተበትኖ የነበረው አሳ በሳምንታት ውስጥ ጥቂት ሜትር ስፋት ላይ ይሰበሰባል። አንድ ስስ የናይለን መረብ ከዳር እስከ ዳር የወጠረ ሰው በአንድ ሌሊት የሚያወጣው ያንን ዓመት ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉትንም ዓመታት ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከተስፋፋ በኋላ የዚህ አሳ ቁጥር ክፉኛ እንደወረደ ተጠንቶ ታትሟል። ወደ ወንዞቹ የሚገባው ደለል፣ የመስኖ ውሃ መሳብና የወንዞቹ መገደብም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ጥፋቱን ሁሉ ድሃ አጥማጅ ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም።

«እኛ እኮ መንጠቆ ነው የያዝነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ መንጠቆ አንድ በአንድ ነው። ቢሆንም በነዚህ ወራት በነዚያ ወንዞች ላይ ሆዷ ያበጠ፣ ስትያዝ እንቁላል የሚንጠባጠብባት ከሆነች መልሷት። እጃችሁን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ ደረቅ እጅ ሰውነቷን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል። መንጠቆውን ውሃው ውስጥ እንዳለች አውጡና ራሷ ተንቀሳቅሳ እስክትሄድ ደግፋችሁ ያዟት። ቆሮሶና አምባዛ ከሆነ ሌላ ነው፣ እነሱ በዳር በዳር ጥልቀት በሌለው ውሃም ስለሚራቡ ያን ያህል አይጎዱም።

ከመረቡ የባሰ ደግሞ አለ፣ ብርብራ። የብርብራ ዛፍ አገር በቀል ነው፣ ቡና ጥላ ሥር እንዲያድግ ይተከላል፤ በዛፉ ላይ ምንም ጠብ የለንም። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ላይ ሲበተን ግን አሳው አፉን ከፍቶ እየተንገዳገደ ላይ ይንሳፈፋል። በውስጡ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አሳው ውሃ ውስጥ ኦክስጅን እያለ እንኳ ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል፣ ልክ ከውስጥ እንደማነቅ ነው። ትልቁን ብቻ መርጦ አይገድልም። ፍልፍሉን፣ አሳው የሚመገበውን የውሃ ነፍሳት፣ ሁሉንም ይወስዳል። አንድ ኩሬ ላይ የተበተነ ብርብራ ለአንድ ድስት ወጥ ተብሎ የዓመት ዘር ይጨርሳል። አንዳንዱ ጭራሽ ለእርሻ የተገዛ የተባይ ኬሚካል ይጠቀማል፤ ያ ውሃ ታች ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ ሰውም ይቀዳዋል። መርዝና ፈንጂ በሕግ የተከለከለ ነው።

ይሄ የሚብሰው ደግሞ በበጋው፣ ወንዙ ጎድሎ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ነው። ያ ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ በጾም የአሳ ፈላጊ እንደሚበዛ ገበያ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ኩሬ ውስጥ የታሰረ አሳና የተወደደ ዋጋ ሲገናኙ ብርብራ ይመጣል። ስታዩ ዝም አትበሉ፣ ግን ራሳችሁ ከሰዎቹ ጋር አትጋጠሙ፤ ለቀበሌ ወይም ለግብርና ባለሙያው ንገሩ።

ስለ አያያዙ ትንሽ። አምባዛ ለጀማሪ ይመቻል፤ ሲመሽና ሲነጋ፣ ውሃው በተኛበት፣ ክሩ ላይ እርሳስ ታስሮ መሬት ከነካ ትልም ሥጋም አይንቅም። ጡቱ አካባቢ ያሉት ሁለት እሾሆች ይወጋሉ፣ ከኋላቸው ያዙት። አየርም ስለሚተነፍስ ከውሃ ወጥቶ ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ከረጢት ውስጥ ሲንፈራገጥ ከማዋል ወዲያው መግደሉ ይሻላል። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ በል ስለሆነ በመንጠቆ አስቸጋሪ ነው፤ በትንሽ መንጠቆና በተቦካ ዱቄት ሞክሩት። ለክሩ ምልክት ቡሽ ወይም የፎም ቁራጭ ይበቃል። ውድ ዘንግ ገዝቶ መሄድ አያስፈልግም፣ ሸምበቆ አለ።

ጋምቤላ የምትሄዱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ባሮ ላይ ከ100 በላይ የአሳ ዝርያ አለ፣ ከሰው ጋር የሚታገል ናይል ፐርችም አለ። ያ አሳ ጣና ላይ የለም፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛውን አሳ ከላይኛው ስለለየው ነው።

አደጋውን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ባሮ፣ ኦሞና አዋሽ ከቆቃ ጀምሮ አዞ አለባቸው። ውሃው አፋፍ ላይ ተቀምጣችሁ አሳ አትጠቡ፣ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ አትመላለሱ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር በኩል ጉማሬ አለ፤ ሲመሽ ለመጋጥ ይወጣል፣ በሱና በውሃው መካከል መቆም አይገባም። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ደራሽ ውሃ ነው። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ ዕቃ ሳትሰበስቡ ውጡ። ደሴት መሳይ አሸዋ ላይ አትቀመጡ። መንጠቆ ድንጋይ ሲይዘው ለማስለቀቅ ውሃ ውስጥ የሚገባ ጓደኛ አይጠፋም፤ ክሩን ቁረጡት።

ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ይኖራል። እግር ነክሮ መዋል አያስፈልግም። ከነከራችሁ ደግሞ ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ ተመርመሩ፣ በታችኛው አዋሽ በኩል ከነበራችሁ ሽንትም ጨምሩ። መድኃኒቱ አለ፣ ይድናል።

ስትበሉም አብስላችሁ። ሐይቅ ዳር ጥሬ አሳ በዳጣ እንደሚበላ አውቃለሁ፣ ጣፋጭ ነው የሚለውም ብዙ ነው፤ ግን አሳ ውስጥ የትል እጭ ስለሚኖር እኔ አልመክርም። የአቃቂን ወንዝ አሳ ደግሞ በስሎም ቢሆን እርሱት፤ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚወስደው ወንዝ ነው፣ ከባድ ብረት እሳት አያጠፋውም። አንጀቱን ሰው ውሃ ከሚቀዳበት ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩ፣ የተቆረጠውን ክርም ሰብስባችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ ወፍ እግሩን ተጠልፎ የሚሞተው በሱ ነው።