ስለ ቡና ወገኖችና ስለ አበባቸው

ብዙ ሰው ቡናን በፍሬው እንጂ በአበባው አያስበውም። ሆኖም ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ በወረደ በጥቂት ቀን ውስጥ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ይለብሳል፤ መዓዛውም ደኑን ይሞላዋል። ይህ ውበት ከሁለት ከሦስት ቀን አይዘልቅም።

የቡና ወገን በአፍሪካ፥ በማዳጋስካርና በእስያ ከ120 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። የዓረቢካ አበባ አምስት ቅጠል ሲኖረው የላይቤሪካው ከዚያ ይበልጣል። በምዕራብ አፍሪካ ፍሬው ሲበስል የሚጠቍር ስቴኖፊላ የተባለ ይገኛል፤ ከማዳጋስካሮቹም ብዙዎቹ የሚያነቃቃው ካፌይን የለባቸውም። ዓረቢካ ግን፥ ስሙ የዓረብ ቢሆንም፥ በዱር የሚበቅልበት ዋናው ስፍራ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. የቡናን ለጋ ፍሬ እያጠቈረ የሚያረግፍ በሽታ በኢትዮጵያ በታየ ጊዜ፥ ባለሙያዎች በየስፍራው እየዞሩ በሽታው ያልጎዳቸውን ዛፎች መርጠው ዘራቸውን አራቡ። እንዲህ ያሉ ዛፎች የተገኙት የዘሩ ልዩነት ሳይጠፋ በመቈየቱ ነው። በ2019 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ግን ከ124 የቡና ዓይነቶች 75ቱ የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው ታውቋል።

ስለዚህ የቡና ደን ለመመንጠር ፈቃድ የተጠየቀ ሹም አስቀድሞ የአገሩን ሽማግሌዎች ይዞ ደኑን ይመልከት፤ በበሽታ ዘመን ፍሬያቸውን ያላረገፉትን ዛፎች የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና።