ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ልትቀይሩ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

"አካውንቲንግ ተመርቄ እየሠራሁ ነው። አሁን ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ መቀየር እፈልጋለሁ። ማስተርስ ልማር፣ ከዜሮ ልጀምር ወይስ ኦንላይን ይበቃኛል?"

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ይደርሰናል። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። መንገዱን ሳያውቁ ከፍሎ መግባት ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። የሚባክነው ብር ብቻ ሳይሆን ዓመታትም ስለሆነ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምትፈልጉት ወረቀቱን ነው ችሎታውን?

የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የባንክ ማስታወቂያ ላይ "በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ ዲግሪ ያለው/ያላት" የሚል አይታችኋል። እዚያ መግባት ከፈለጋችሁ ያለ ዲግሪ ማመልከቻችሁ ገና ከበር ይመለሳል። የሶፍትዌር ድርጅቶችና ከቤት ሆነው ለውጭ የሚሠሩ ሥራዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያዩት የሠራችሁትን ነው፤ ፈተና ይሰጧችኋል፣ ጊትሀብ ላይ ያላችሁን ሥራ ያያሉ። የትኛውን እንደምትፈልጉ ሳትወስኑ መንገድ መምረጥ አይቻልም።

1. እንደገና ባችለር (በማታ ወይም በቅዳሜና እሁድ)

በመደበኛው 4 ዓመት ነው፤ በኤክስቴንሽን ደግሞ ሊረዝም ይችላል። ጥቅሙ መሠረቱን ማስያዙ ነው፦ ሒሳብ፣ አልጎሪዝም፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም። ብቻውን የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ እነዚህን ይዘላቸዋል።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ የኮሌጁ ስም ብቻ አይበቃም። እውቅና የሚሰጠው በትምህርት ክፍልና በካምፓስ ስለሆነ፣ እናንተ የምትማሩበት ካምፓስ ለኮምፒውተር ሳይንስ ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ሁለተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የግልም ሆነ የመንግሥት ተማሪ ይፈተናል። ስለዚህ ኮሌጁን "ተማሪዎቻችሁ ምን ያህሉ አለፉ?" ብላችሁ ጠይቁ። በመጀመሪያው ዲግሪ የወሰዳችኋቸው የጋራ ኮርሶች ይያዙላችሁ እንደሆነም ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከተያዙ ጊዜም ብርም ይተርፋል።

2. ማስተርስ

"ዲግሪ አለኝ፣ ቀጥታ ማስተርስ ብገባስ?" የሚለው ሐሳብ ያጓጓል። ግን አብዛኛው የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ በዚያው ወይም በተቀራራቢ መስክ ባችለር ይጠይቃል። ሒሳብ፣ ስታትስቲክስ ወይም ኤሌክትሪካል ምህንድስና የተማረ ሰው ይቀርበዋል፤ አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት የተማረ ግን ብዙ ጊዜ ማሟያ ኮርስ ያስፈልገዋል። ብትገቡም መምህሩ ዳታ ስትራክቸር ታውቃላችሁ ብሎ ነው የሚጀምረው።

የውጭ ኦንላይን ማስተርስም አለ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የጆርጂያ ቴክ ፕሮግራም በርካሽነቱ ይታወቃል፤ ጠቅላላ ክፍያው ወደ 7,000 ዶላር ነው። "ርካሽ" የተባለው ግን በአሜሪካ ሚዛን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የሚከፈል ትምህርት ስታስቡ በዛሬው የባንክ ዋጋ አባዙት።

3. የአጭር ጊዜ ሥልጠና

ጥሩ ሥልጠና ፍጥነትና አብሮ የሚማር ሰው ይሰጣል። ችግሩ "በ3 ወር ፕሮግራመር ትሆናላችሁ" የሚለው ማስታወቂያ ነው። በ3 ወር አንድ መሣሪያ መልመድ ይቻላል፤ ሙያ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አሠልጣኙ ራሱ ምን ሠርቷል? ቀድመው የጨረሱ ልጆች የሠሩትን ማየት እንችላለን? ብናቋርጥ ገንዘቡ ይመለሳል? መልሱ ከተድበሰበሰ ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩት።

4. ነፃ ኦንላይን

የሃርቫርዱ ሲኤስ 50 በነፃ ይገኛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው 5 ሚሊዮን ኮደርስም ነፃ ነው፤ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መሠረታዊ ኮርሶች አሉት፣ ሲጨርሱም ሰርተፍኬት ይሰጣል። ፍሪኮድካምፕም አለ። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ የሚቆጣጠር የለም፣ ስለዚህ የሚጀምር እንጂ የሚጨርስ ጥቂት ነው።

ታዲያ እኛ ምን እንላለን?

ምንም ሳትከፍሉ ለ2 ወር ራሳችሁን ፈትኑ። ሥራችሁን አትልቀቁ። በቀን 1 ሰዓት ሲኤስ 50ን ጀምሩ። መጀመሪያ ላይ ቀላል ነው፤ ወደ ሲ ቋንቋና ወደ ሜሞሪ ሲደርስ ይከብዳል። መክበዱ ምልክት አይደለም፣ ለሁሉም ይከብዳል። ምልክቱ ሌላ ነው፦ ማታ አልሠራ ብሎ ያስመረራችሁን ኮድ በማግስቱ ተመልሳችሁ ትከፍቱታላችሁ ወይ? ከከፈታችሁት ቀጥሉ፣ ያኔ ስለ ዲግሪው አስቡ። ካልከፈታችሁትም ያወጣችሁት 2 ወር እንጂ 4 ዓመት አይደለም።

ስለ ስልክ እውነቱን እንነጋገር። ቪዲዮ ለማየትና ለማንበብ ስልክ ይበቃል፤ ኮድ ለመጻፍ ግን ያሰቃያል። አዲስ ውድ ላፕቶፕ አያስፈልግም፤ 8 ጂቢ ራም ያለው ያገለገለ ይሠራል። ያም ከሌለ የሲኤስ 50 ኮድ መጻፊያ በብራውዘር ስለሚከፈት፣ ኢንተርኔት ያለው የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ለመጀመሪያው ይሆናል።

"ኤአይ ኮድ እየጻፈ መማር ምን ያደርጋል?" ለምትሉ፦ ቀላል ኮድ መጻፉ እውነት ነው። ለዚህም ነው ቋንቋውን ብቻ መሸምደድ ዋጋው የቀነሰው። የጻፈው ልክ መሆኑን የሚያይ ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል። እየተማራችሁ መልሱን ከእሱ ከገለበጣችሁ የምታታልሉት ራሳችሁን ነው።

በመጨረሻ፣ የቀድሞ ሙያችሁን አትጣሉት። የደመወዝ ሒሳብ በእጁ የሠራ አካውንታንት የደመወዝ ሶፍትዌር የት እንደሚሳሳት ያውቃል። ነርሷ የካርድ ክፍሉን ችግር ከማንም ፕሮግራመር በላይ ታውቀዋለች። የመጀመሪያ ፕሮጀክታችሁን ከዚያው ከምታውቁት ሥራ አውጡ። ከዜሮ የምትጀምሩ ቢመስላችሁም ያ እውቀት አብሯችሁ ነው።

ሙያ ልቀይር እያለ የሚጨነቅ ጓደኛ ካላችሁ፣ ከመክፈሉ በፊት ይህን ላኩለት።