ሒሳብ በሚያውቅ ሠንጠረዥ ውል ስለ መጻፍ

ደምበጫ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች፤ የአካባቢዋ ጤፍና በቆሎ ወደ ሩቅ ገበያ የሚጫነው በዚሁ መንገድ ነው። ገዢና ሻጭ በተራራቁ ጊዜ ንግዱን የሚያስረው በኮምፒዩተር የተጻፈው የዋጋ ማቅረቢያና ውል ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ሒሳብ የሚያውቅ ይሁን ወይስ አኃዝ የተደረደረበት ሣጥን ብቻ፤ ነጋዴ ለይቶ ሊያውቀው ይገባል።

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 120 ኩንታል ጤፍ ኩንታሉን በ6,000 ብር፤ 80 ኩንታል በቆሎ ኩንታሉን በ4,000 ብር ለመሸጥ ቢያቀርብ ድምሩ 1,040,000 ብር ይሆናል። ገዢው ጤፉን 150 ኩንታል ቢያደርገውና ጸሐፊው ይህን አንዱን አኃዝ ብቻ ቢያርም፤ ትክክለኛው ድምር 1,220,000 ብር ሲሆን በውሉ ላይ የቀድሞው ይቀራል። ነጋዴው 180,000 ብር የጎደለበትን ውል ፈረመ ማለት ነው።

አንዱ አኃዝ ሲታረም ሌላውን ሁሉ የሚያርም የሒሳብ ሠንጠረዥ፤ ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን በ1979 እ.ኤ.አ. ቪዚካልክን ካወጡ ወዲህ እየተለመደ የመጣ ነው። ይህን ጠባይ ወደ ጽሕፈት ለማምጣት ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው፤ የማይክሮሶፍት ዎርድ ሠንጠረዥ ራሱ እንዲያባዛና እንዲደምር ማዘዝ ነው። ነገር ግን አኃዝ በተለወጠ ቁጥር ሠንጠረዡን መርጦ «ኤፍ 9» የተባለውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። በዓምዱ መካከል ባዶ ቦታ ቢኖር ከዚያ በላይ ያለውን ሳይደምር ሊቀር ስለሚችል 0 ይጻፍበት። በግዕዝ አኃዝ የተጻፈውንም አይደምርም።

ሁለተኛው፤ የኤክሴልን ሠንጠረዥ በጽሑፉ ውስጥ መክተት ነው። በዚህ ጊዜ ከሚታየው ገጽ ጋር መዝገቡ በሙሉ አብሮ ይሄዳል። በሌላው ገጽ ላይ የመግዣው ዋጋና ትርፉ ተጽፎ እንደሆነ፤ ነጋዴው ምሥጢሩን በገዛ እጁ ለገዢው ላከ ማለት ነው።

ሦስተኛው፤ ሁለቱን ማገናኘት ነው። የኤክሴሉ ሒሳብ ሲታረም የውሉም ሊታደስ ይችላል፤ ሆኖም የመዝገቡ ስም ወይም ሥፍራ ቢለወጥ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፤ ለገዢው የሚላከው ቅጂ ከኋላው መዝገብ የማያስከትል ፒዲኤፍ ይሁን። ፊርማ ከመኖሩም በፊት ድምሩ በመደመሪያ መኪና አንድ ጊዜ ይመርመር። የሚያስጠይቀው የፈረመው ሰው እንጂ ኮምፒዩተሩ አይደለምና።