ዒላማ የሚመታ ጥይት ለአደን ይበቃልን?

በሀገራችን ገጠር «ዓልሞ ተኳሽ» መባል ትልቅ ክብር ነው። ሽማግሌዎች ስለ አንድ ጎበዝ ሲያወጉ እጁ የማይስት መሆኑን ያነሳሉ፤ የጠመንጃውንም ዓይነት ይጠቅሳሉ። ስለ ጥይቱ ግን ብዙ አይወራም። ካሊበሩ እስከገጠመ ድረስ ጥይት ሁሉ አንድ ይመስላል። ዳሩ ግን ዒላማን በትክክል የሚመታ ጥይት ሁሉ አውሬን ሳያሠቃይ የሚጥል አይደለም። ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው፣ ተኳሾች ጥይታቸውን በእጃቸው በሚሞሉባቸውና በአንድ ጠመንጃ በሚወዳደሩባቸውም በሚያድኑባቸውም ሀገራት ነው። ከእነዚህ አንዷ ኖርዌይ ናት።

አንድ ካሊበር ለሁለት ሥራ

ኖርዌይና ስዊድን በአንድ ዘውድ ሥር በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1894፣ 6.5 በ55 የሚባለውን ጥይት በጋራ ለሠራዊታቸው መረጡ። የመጀመሪያው ቁጥር የአፈሙዙን ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሃውን ርዝመት በሚሊ ሜትር ያመለክታል። ጥይቱ ለጦር ሜዳ ቢታሰብም ዕድሜውን ያረዘሙለት ገበሬዎች፣ አዳኞችና የዒላማ ተወዳዳሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ በ1893 የተመሠረተው የኖርዌይ የበጎ ፈቃድ ተኳሾች ማኅበር በየዓመቱ በበጋ ሀገር አቀፍ ውድድር ያካሂዳል፤ ይህ ጥይትም በማኅበሩ ዘንድ ለረጅም ዘመን ዋነኛው ሆኖ ቆይቷል። በመከር ደግሞ ያው ካሊበር ወደ ጫካ ይወጣል። ሙስ የሚባለው ግዙፉ የአጋዘን ዝርያ የሚታደንበት ወቅት መስከረም 15 ገደማ ይከፈታል።

በበጋ ሜዳሊያ ያስገኘውን ጥይት በመከር ይዞ መውጣት ይቻላልን? የኖርዌይ ሕግ ለዚህ ግልጽ መልስ አለው። ትልልቅ አውሬ የሚያድን ሰው በየዓመቱ የተኩስ ፈተና ያልፋል፤ በ100 ሜትር ርቀት በአጋዘን ምስል ላይ የሚተኩሳቸው አምስት ጥይቶች በሙሉ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ማረፍ አለባቸው። ሕጉ ግን በተኳሹ እጅ ብቻ አይረካም፤ ጥይቱንም ይመረምራል። አረሩ የአውሬውን ገላ ሲመታ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት። ክብደቱ ከ9 ግራም ማነስ የለበትም። ክብደቱ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ በ100 ሜትር ላይ ቢያንስ 2,200 ጁል፣ በ9 እና በ10 ግራም መካከል ከሆነ ደግሞ 2,700 ጁል ኃይል ይዞ መድረስ ይጠበቅበታል።

ይህ ኃይል የሚለካው ከአረሩ ክብደትና ፍጥነት ነው። 10 ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 700 ሜትር እየበረረ ቢደርስ 2,450 ጁል ያህል ይኖረዋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ኃይሉ በአራት እጥፍ ያድጋል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፣ በቅርብ የሚገድለው ጥይት በሩቅ የሚያቆስል ብቻ ይሆናል።

በእጅ የተሞላ ጥይት ምንድን ነው?

አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፦ ቀለሃው፣ በቀለሃው ግርጌ የምትገኘው አቀጣጣይ፣ ባሩዱና ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው አረር። ቀለሃ ተኩስ ካለፈበት በኋላ ተጸድቶና ቅርጹ ተስተካክሎ እንደገና ሊሞላ ይችላል። ሥራው በተፈቀደባቸው ሀገራት ተኳሹ አዲስ አቀጣጣይ ያስገባል፤ ባሩዱን በሚዛን እየለካ ይጨምራል፤ አረሩን በመሣሪያ ይገጥማል።

ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት ወጪ ለመቀነስ ብቻ አይደለም፤ ወጥነትን ፍለጋም ነው። እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚስማማው አረርና የባሩድ ዓይነት ይለያያል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ በአንድ ዓይነት ጥይት እኩል ላይመቱ ይችላሉ። የባሩዱ መጠን ከጥይት ጥይት ካልተለያየ ፍጥነቱ ይቀራረባል፤ ፍጥነቱ ከተቀራረበ ደግሞ ጥይቶቹ ዒላማው ላይ ይሰበሰባሉ።

ሥራው ግን ቀልድ አይወድም። ከመጠን ያለፈ ባሩድ ወይም የተሳሳተ ባሩድ ጠመንጃውን ሊያፈነዳ፣ የተኳሹንም ዓይንና እጅ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች በታተመ የአምራች መመሪያ ብቻ ይመራሉ፤ ከዝቅተኛው መጠን ይጀምራሉ፤ በጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አያስቀምጡም። ለአንዱ ጠመንጃ የተሞላውን ጥይት በሌላው አይተኩሱም።

ወረቀት የሚበሳና አውሬ የሚጥል

ለውድድር የሚሠራ አረር አንድ ዓላማ ብቻ አለው፤ እሱም በአየር ላይ ሳይዋዥቅ በርሮ ዒላማው ላይ ማረፍ ነው። ልባሱ ስስ ሲሆን ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ ቀዳዳ ይታያል። ይህች ቀዳዳ አዳኞችን ታሳስታለች፤ አረሩን ለመክፈት የተሠራች ትመስላለችና። እውነቱ ግን ልባሱ ከታች ወደ ላይ ተስቦ ጫፉ ላይ ሲዘጋ የምትቀር መሆኗ ነው። እንዲህ ያለው አረር ገላ ውስጥ ሲገባ የሚሆነው አስቀድሞ አይታወቅም። አንዳንዴ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብቻ ትቶ ያልፋል፤ አንዳንዴም ገና ከቆዳው ሥር ተሰባብሮ ጥልቅ ሳይደርስ ይቀራል። በሁለቱም መንገድ አውሬው ቆስሎ ያመልጣል፤ ሩቅ ሄዶም በሥቃይ ይሞታል። «ማችኪንግ» በሚባለው የውድድር አረሩ የታወቀው ሲዬራ የተባለው የአሜሪካ አምራች ራሱ ይህ አረር ለአደን እንዲውል አይመክርም።

የአደን አረር ግን ከተመታው ገላ ጋር እንዲገናኝ ታስቦ ይሠራል። ጫፉ ሲመታ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፤ ወርዱ ይሰፋል፤ ከበስተ ኋላው ያለው ክብደት ደግሞ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይገፋዋል። አውሬው የሚወድቀው በሴኮንዶች ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በ100 ሜትር ላይ የውድድር ጥይት በ2 ሳንቲ ሜትር ክብ፣ የአደን ጥይት በ4 ሳንቲ ሜትር ክብ ይሰበሰባል እንበል። በውድድር ሜዳ ይህ ልዩነት አሸናፊውን ከተሸናፊው ይለያል። የአደን ፈተናው ክብ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ነው። አዳኙ ያጣት 2 ሳንቲ ሜትር ምንም አትጎዳውም፤ የማይከፈት አረር ግን ሁሉን ነገር ያበላሽበታል።

እርሳስ ወይስ መዳብ?

አብዛኛው የአደን አረር እምብርቱ እርሳስ ነው። እርሳስ ከባድ፣ ለስላሳና ርካሽ ብረት ቢሆንም መርዛማ ነው። አረሩ ሲከፈት በዓይን የማይታዩ ብናኞች ከቁስሉ ርቀው በሥጋው ውስጥ ይበተናሉ። በአሜሪካ የሰሜን ዳኮታ ግዛት የጤና ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ በ2008 ነፍሰ ጡሮችና ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በእርሳስ ጥይት የታደነ አጋዘን ሥጋ እንዳይበሉ መክረዋል።

ጉዳቱ በሰው ብቻ አያበቃም። አዳኝ ትቶት የሚሄደውን ሆድ ዕቃ የሚበሉ ጥንብ አንሳዎች በእርሳስ ይመረዛሉ። የካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ግዙፍ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ በ1982 ቁጥሩ ወደ 22 ብቻ ወርዶ ነበር፤ ዝርያውን እንዳያገግም ከያዙት ምክንያቶች ዋነኛው የእርሳስ መመረዝ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛትም ከሐምሌ 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች።

በምትኩ የሚመረጠው ከመዳብ ብቻ የተሠራ አረር ነው። ይሁን እንጂ መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፤ እርሳስ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲመዝን መዳብ ወደ 9 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በክብደት እኩል የሆነ የመዳብ አረር ይረዝማል፤ በቀለሃው ውስጥ የባሩዱን ቦታ ይሻማል። ለእርሳስ አረር የወጣ የባሩድ መጠን ለመዳብ ሊውል የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው። መዳብ ጠንካራ በመሆኑም ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል፤ ርቀቱ ሲጨምር ሳይከፈት ሊያልፍ ይችላል።

ሁለቱን ማስታረቅ

አንድ ጥይት ብቻ ለሁለቱም ሥራ መምረጥ የሚፈልግ ሰው መነሻው አደኑ ሊሆን ይገባል። በጠመንጃው ላይ በደንብ የሚሰበሰብ የአደን አረር ለመለስተኛ ውድድርና ለልምምድ ይበቃል፤ የውድድር አረር ግን ለአደን አይበቃም። በከፍተኛ ደረጃ የሚወዳደር ሰው ሁለት ዓይነት ጥይት ይሙላ፤ በተለያየ ሣጥን አስቀምጦም የአረሩን ዓይነት፣ ክብደቱንና የተሞላበትን ቀን ይጻፍበት። ሁለቱ ጥይቶች የሚያርፉበት ቦታ ስለሚለያይ ጥይት በተቀየረ ቁጥር የጠመንጃው ማነጣጠሪያ እንደገና መስተካከል አለበት። አንዳንድ ባሩድ በሙቀት ስለሚፈጥንና በብርድ ስለሚዘገይም፣ በበጋ ሜዳ የተሞከረው ጥይት በአደኑ ወቅት አየር እንደገና ይሞከራል።

በሀገራችንስ?

በሀገራችን የዱር እንስሳት አደን ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ጥይትም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር የሚተዳደር በመሆኑ በቤት የሚሞከር ጉዳይ አይደለም። ይሁንና ጠመንጃ በሕጋዊ ፈቃድ ለያዘ ሰው ከዚህ የሚገኝ ትምህርት አለ። ማን እንደሞላው፣ ምን ባሩድ እንዳለበት፣ ለየትኛው ጠመንጃ እንደተዘጋጀ የማይታወቅ ጥይት መልኩ ቢያምርም ሊታመን አይገባም። በመልክ ከሌላው አይለይምና፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ቃታው ከተሳበ በኋላ ነው።

«ዓልሞ ተኳሽ» የሚለው ክብር የእጅና የዓይን ብቻ አይደለም። ጥይቱ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ የት እንደሚያርፍና ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅንም ይጨምራል።