ጨረቃን በሩቅ ማያ መነጽር ፎቶግራፍ ስለ ማንሣትና መነጽሩን ስለ መጠበቅ

ለትምህርት ቤት የሩቅ ማያ መነጽር በተገኘ ጊዜ መምህሩ አስቀድሞ የሚያስበው ጨረቃ በሞላች ሌሊት ተማሪዎቹን ሰብስቦ ለማሳየትና ፎቶግራፍ ለማንሣት ነው። ነገር ግን ጨረቃ ከምትታይባቸው ሌሊቶች ለዚህ ሥራ እጅግ የማይመቸው ይኸው ሌሊት ነው። ምክንያቱም ጨረቃ በሞላች ጊዜ ፀሐይ ፊቷን በቀጥታ ስለምታበራው ተራራውም ጉድጓዱም የሚታይ ጥላ አይጥልም፤ ጥላም ከሌለ ከፍታውና ዝቅታው ሳይለይ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። እኩሌታዋ ብቻ በበራ ጊዜ ግን ብርሃንና ጨለማ በሚዋሰኑበት መሥመር ላይ የፀሐይ ጨረር አግድም ይመጣልና፤ በማለዳ የዛፍ ጥላ በሜዳ ላይ እንደሚረዝም የተራሮቹ ጥላ ይረዝማል።

ስለዚህ ጨረቃ ከተወለደች ከሰባተኛው እስከ ዐሥረኛው ሌሊት ያለው ጊዜ ይመረጥ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሽማግሌዎች የጨረቃን ዕድሜ ቆጥረው ሌሊቱን ለመምህሩ አስቀድመው ሊነግሩት ይችላሉ። በሰባተኛው ቀን ፀሐይ ስትገባ ጨረቃ በአገራችን ሰማይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ብርሃኗ የሚያልፍበት አየር ጥቂት ነው፤ ወደ አድማስ ከወረደች በኋላ ግን ምስሏ ይርገበገባል። በዚያ ምሽት አካባቢ አፔኒን የተባሉት ተራሮች ይታያሉ፤ ከፍታቸውም እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከሁለት ቀን ያህል በኋላም ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር የሆነው ኮፐርኒከስ የተባለ ጎድጓዳ ስፍራ ከነግድግዳው ይገለጣል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ጆን ዊልያም ድሬፐር የተባለ ሊቅ በኒው ዮርክ ጨረቃን ብር በተቀባ ሰሌዳ ላይ ሲያነሣ 20 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ በመምህሩ ኪስ ያለው ስልክ ይህን ከሰከንድ መቶኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ይፈጽመዋል።

መነጽሩ ሦስት እግር ባለው መቆሚያ ላይ በጽኑ ይታሰር። ማጉያው ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚደርስ ቢሆን ከ20 እስከ 30 ባለው ይሠራ። ብዙ ሰው የመነጽርን ዋጋ በማጉላቱ ብቻ ስለሚለካ ይህን ለመቀበል ይቸገራል፤ ነገር ግን ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር ብርሃኑ ይቀንሳል፤ መንቀጥቀጡና የአየሩ መርገብገብም አብሮ ይጎላል። ምስሉ አስቀድሞ በዓይን ከጠራ በኋላ የስልኩ ካሜራ ከዓይን ማያው ጋር ይገጠም፤ ለዚህ የተሠራ መያዣ ከሌለ ከወፍራም ካርቶን በልኩ ቀለበት መሥራት ይበቃል።

ስልኩ በዙሪያዋ ያለውን ጨለማ አይቶ ብርሃን ያነሰ ይመስለዋልና ጨረቃን እንደ ነጭ ሳሕን አድርጎ ያወጣታል። እርሷ ግን በቀን ፀሐይ እንደ መታው ድንጋይ ናት። ስለዚህ ጉድጓዶቹ ተለይተው እስኪታዩ ድረስ በስልኩ ላይ ብርሃኑ ይቀነስ። የጣት መንካትም ስለሚያነቃንቀው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሣ ይታዘዝ። ጨረቃ በ2 ደቂቃ የገዛ ስፋቷን ያህል በሰማይ ላይ ትጓዛለችና መነጽሩን እየመለሱ ሃያ ሠላሳ ጊዜ አንሥቶ ከዚያ የጠራውን መምረጥ ነው።

መነጽሩ ከቶ ወደ ፀሐይ አይዙር፤ በቀንም በመቆሚያው ላይ ያለ ክዳን አይተው። በመነጽር ፀሐይን ያየ ዓይን በቅጽበት ይቃጠላል፤ በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ሕመም ስለማይሰማው ልጁ መጎዳቱን የሚያውቀው ማየት ሲሳነው ነው። ይህ ነገር ለተማሪዎች መነጽሩን ከማስነካት በፊት ይነገር።

መስተዋቱን ከአቧራ ይልቅ የሚያጠፋው መወልወል ነው። በላዩ የተቀባው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር ዐሥር ሺሕ እጅ አንዱን ያህል ነው፤ በአቧራውም ውስጥ ከመስተዋት የሚጠነክር የአሸዋ ቅንጣት አለ። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ የጠረገው ሰው ይህን አሸዋ በሽፋኑ ላይ ይጎትተዋል፤ የተፋቀውም አይመለስም። ጥቂት አቧራ በምስሉ ላይ አይታወቅምና ይተው። ከበዛ ግን አስቀድሞ ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ የጎማ መንፊያ ይነፋ፤ በአፍ ግን አይነፋ፤ ምራቅ ይረጫልና። ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። የጣት ቅባት ብቻ በተጣራ ውሃ በጥቂቱ በረጠበ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፤ ከመካከል ወደ ዳር፤ ሳይጫኑ ይነሣ።

በክረምት ደግሞ ሻጋታ አለ፤ በእርጥብ ማኅደር ተዘግቶ በከረመ መነጽር ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል፤ የሚያወጣውም አሲድ መስተዋቱን ይበላዋል። ስለዚህ መነጽሩ ጭስ በማይገባበት ደረቅ ክፍል፤ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጥ፤ በእህል ጎተራ አጠገብ ግን አይሁን፤ የእህል ብናኝ በየቀዳዳው ይገባልና። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ መነጽርም ወዲያው እንዳይከፈት፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል በማኅደሩ ይቆይ፤ ያለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ውስጡ የደፈረሰ እንደ ሆነ በትምህርት ቤት መፍታት አይገባም፤ ከእነዚህ መነጽሮች ብዙዎቹ ናይትሮጅን የተባለ ደረቅ አየር ተሞልተው የታሸጉ ናቸውና፤ አንድ ጊዜ ከተከፈቱ እርጥበት የሚገባባቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።