የሄራት ልጆች ከኮሮላ ምን ሠሩ?

የትምህርት ቤት የሮቦቲክስ ክበብ የምታስተባብሩ መምህራንም ሆናችሁ ተማሪዎች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልኝ ጥያቄ አለ። «ኪት ተሰጥቶናል፣ መስመር ተከትሎ የሚሄደውን ሠርተናል፣ እንቅፋት ሲያይ የሚዞረውንም ሠርተናል፤ ቀጥሎ ምን እንሥራ?» ትላላችሁ። በአጭሩ መልሼ የማልፈው ጥያቄ ስላልሆነ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፍበት። ለዓመታት ዜናቸውን ስከታተል የቆየሁት አንድ የተማሪዎች ቡድን አለ። ከእኔ ምክር ይልቅ የእነሱ ሥራ ጥያቄያችሁን ይመልሳል ብዬ አምናለሁ።

ቡድኑ የአፍጋኒስታን ሴት ተማሪዎች የሮቦቲክስ ቡድን ነው። ያቋቋመችው ሮያ ማህቡብ ትባላለች፤ በአገሯ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ከመሩ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ልጆቹ ከሄራት ናቸው፤ በምዕራብ አፍጋኒስታን ከምትገኝ፣ ለኢራን ድንበር ቅርብ ከሆነች ጥንታዊ ከተማ።

ዓለም ስማቸውን የሰማው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን የመሠረተው «ፈርስት ግሎባል» የተባለው የታዳጊዎች የሮቦቲክስ ውድድር በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር ዋሽንግተን ላይ ተካሄደ፤ ከ150 በላይ አገሮች ቡድን ላኩ። የውድድሩ ጉዳይ ንጹሕ ውኃ ነበር። ሰማያዊ ኳስ ንጹሑን፣ ብርቱካናማ ኳስ የተበከለውን ውኃ ይወክላል፤ የሮቦቶቹ ሥራ ሁለቱን መለየት ነው። የሄራት ልጆች ለቪዛ ቃለ መጠይቅ እስከ ካቡል 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሁለት ጊዜ ተጓዙ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተከለከሉ። የሮቦት ዕቃቸውም ታጣቂዎች ለጥቃት ሊያውሉት ይችላሉ በሚል ስጋት ጉምሩክ ላይ ለወራት ተይዞ ቆየ። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጣልቃ ገብተው መግቢያ ተፈቀደላቸው፤ ሄደውም ለብርታታቸው የብር ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢስቶኒያ ላይ በሚደረገው «ሮቦቴክስ» በፀሐይ ኃይል እየሠራ አነስተኛ ገበሬን የሚያግዝ ሮቦት አቅርበው አሸነፉ።

ሜዳሊያው ይገባቸዋል። ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የሠሩት ነው።

እኛ አገር የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አፍጋኒስታን ውስጥ በሽታው ቀደም ብሎ በየካቲት ተገኘ፤ የተገኘውም ሄራት ነው። ኢራን ክፉኛ በመጠቃቷ በሺዎች የሚቆጠሩ አፍጋናውያን ድንበር እያቋረጡ ሲመለሱ ከተማዋ የመጀመሪያዋ ገፈት ቀማሽ ሆነች። ለአገሩ ሕዝብ ሁሉ ያለው ቬንትሌተር በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ነበር። የሄራት አስተዳዳሪ የእርዳታ ጥሪ ሲያቀርቡ ጥሪው ለተማሪዎቹም ደረሰ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። «የፈጠራ ሐሳብ አምጡ» ብሎ ውድድር ያወጣ አልነበረም። ችግሩ ራሱ በር አንኳኩቶ መጣ፤ ልኩም የታወቀ ነበር፤ ሰው መተንፈስ እያቃተው ነው፣ የሚያስተነፍሰው መሣሪያ የለም፣ ከውጭ ለመግዛትም ዓለም ሁሉ ተሰልፏል።

ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 የሚሆን አምስት ልጃገረዶች ሥራውን ጀመሩ። የቡድኑ መሪ ሶማያ ፋሩቂ ናት። ከተማው ተዘግቶ ስለነበር ጠዋት ጠዋት በአባቷ መኪና ተጭነው፣ የፖሊስ ኬላ እንዳያስቆማቸው በውስጥ ለውስጥ መንገድ እየዞሩ ወደ አንድ መካኒክ ጋራዥ ይሄዱ ነበር። ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ስለማይቻል የመረጡት አገሩን የሞላውን መኪና ነው፦ ቶዮታ ኮሮላ። ያገለገሉ የኮሮላ ክፍሎች ሰበሰቡ፤ ሞተሩን ከዝናብ መጥረጊያው ወሰዱ፣ ባትሪውንም ከዚያው መኪና፤ ከሞተር ሳይክል ደግሞ ካቴና ጨመሩ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ፤ ለእኔ ጣፋጩ ክፍል ይህ ነው።

አምቡላንስ ውስጥ ወይም ድንገተኛ ክፍል ነርሶች ታማሚው አፍና አፍንጫ ላይ ገጥመው በእጃቸው የሚጨምቁትን ከረጢት አይታችሁ ይሆናል። አምቡ ባግ ይባላል። ሲጨመቅ አየር ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሲለቀቅ ራሱ ይነፋና ለሚቀጥለው ትንፋሽ ይዘጋጃል። ርካሽ ነው፣ በየሆስፒታሉም አለ። ችግሩ እጅ ይደክማል፤ አንድን ሰው ለቀናት በእጅ ማስተንፈስ ደግሞ ብዙ እጅ ይጠይቃል። ይህ እንዲሁ የተባለ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ስትመታ 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች ፈረቃ ገብተው፣ ቀንና ሌሊት ከረጢት እየጨመቁ ታማሚዎችን በሕይወት አቆይተዋል። (ያኔም የተጠሩት ተማሪዎች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

ስለዚህ ጥያቄው ወደዚህ ጠበበ፦ በእጅ ፋንታ ከረጢቱን ማን ይጭመቀው? ይህን ጥያቄ ቀድመው ያነሱ ሌሎች ተማሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካው ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤም አይ ቲ፣ ተማሪዎች በአንድ የሕክምና መሣሪያ ንድፍ ኮርስ ላይ አምቡ ባግን በሞተር የሚጨምቅ ርካሽ መሣሪያ ሠርተው ጥናቱን አሳትመው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ኮሮና ሲመጣ የተቋሙ ባለሙያዎች ያን አሮጌ ሐሳብ አንሥተው አሻሻሉት፤ ዓለም ሁሉ እንዲጠቀምበትም ንድፉን በነፃ ለቀቁት። የሄራት ልጆች መነሻ ያደረጉት ይህን ንድፍ ነው። ሁለት ክንዶች ከረጢቱን ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል፣ ሞተሩ ክንዶቹን ይዘጋል፣ ይከፍታል።

የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ለምን ተመረጠ? እስቲ ሥራውን አስቡት። ክረምት ላይ ለሰዓታት ሳያርፍ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ይደጋግማል፤ የእኛ ቬንትሌተርም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በ12 ቮልት ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋ በመኪና ባትሪ ይቀጥላል። በውስጡ ደግሞ እንደ ቡሎን የተጠማዘዘ ዘንግ አለ፤ ይህ ዘንግ ትልቁን ጥርስ ሲያዞር ፍጥነቱ ይቀንስና ጉልበቱ ይጨምራል። ከረጢት ለመጭመቅ ፍጥነት አያስፈልግም፤ ቀስ ያለ፣ የማይሰንፍ ጉልበት ነው የሚያስፈልገው። ይህን ምርጫ የሚያደርገው ሞተር በካታሎግ ብቻ የሚያውቅ ሰው አይመስለኝም፤ ጋራዥ ውስጥ የዋለ ሰው ነው።

ከረጢቱን መጨመቅ ግን ገና ግማሹ ነው። በደቂቃ ስንት ጊዜ? በእያንዳንዱ ትንፋሽ ምን ያህል አየር? ለማስገባት ስንት ጊዜ ይሰጥ፣ ለማስወጣትስ? የኤም አይ ቲ ሰዎች ለንድፋቸው ያስቀመጡት ልክ በደቂቃ ከ8 እስከ 40 ትንፋሽ፣ በአንድ ትንፋሽ ከ200 እስከ 800 ሚሊ ሊትር አየር ሲሆን፣ ግፊቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍም መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ማሰማት አለበት። ግፊቱ ከበዛ ሳንባ ይጎዳል። በኮቪድ የታመመ ሳንባ ደግሞ የደረቀ ስፖንጅ ያህል ግትር ስለሚሆን ለስህተት ቦታ የለውም። ሞተሩን ማዞር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃው ይሆናል፤ ወራት የሚበላው ይህ ቁጥጥር ነው። በሮቦቲክስ ክበብ የተማራችሁት ሴንሰር ማንበብ፣ ሞተር ማዘዝና ከታለመው ጋር እያወዳደሩ ማስተካከል ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው። መስመር የሚከተለው ሮቦታችሁ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መስመሩን ሲስት የሚደርሰው ጉዳት ነው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ልጆቹ መሣሪያቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ለመሸከም ቀላል ነው፣ በባትሪ ለሰዓታት ይሠራል፤ ወጪው 700 ዶላር አካባቢ ነው። በገበያ የሚሸጠው ቬንትሌተር 20,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቅ ነበር። የጤና ሚኒስቴሩ ሰዎች አድንቀው፣ ለታማሚ ከመዋሉ በፊት ግን መፈተሽና መጽደቅ እንዳለበት ተናገሩ። ትክክል ናቸው። የ700 ዶላሩ መሣሪያ የ20,000ውን አይተካም፤ ትልቁ ማሽን ታማሚው ራሱ ለመተንፈስ ሲሞክር ያውቃል፣ ኦክስጅኑን ይመጥናል፣ ብዙ ሌላም ያደርጋል። የልጆቹ መሣሪያ የተሠራው ሌላ ምንም በሌለበት ሰዓት፣ ሕይወት አቆይቶ ለተሻለው እንዲያደርስ ነው። «ቬንትሌተርን በ700 ዶላር ሠሩ» ብቻ ብለው የዘገቡ አንባቢን አሳስተዋል፣ ልጆቹንም በድለዋል ባይ ነኝ፤ ገደቡን አውቀው መሥራታቸው ራሱ ትልቅ ሥራ ነውና።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ታሊባን ካቡልን ያዘ። ከቡድኑ አባላት የተወሰኑት ወደ ኳታር፣ የተወሰኑት ወደ ሜክሲኮ ወጡ። ከአንድ ወር በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ለሴቶች ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በሄራት እነሱን እያዩ ሞተር መፍታት የጀመሩ ታናናሾቻቸው ዛሬ ክፍል መግባት አይችሉም። ይህን ስጽፍ ያንገበግበኛል። የአንድ አገር የነገ መሐንዲስ በአዋጅ ቤት ሲዘጋበት ኪሳራው የዚያ አገር ታማሚ ሁሉ ነው።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ልጆቹ የተጠቀሙበት ነገር ሁሉ እኛም ጋ አለ። ኮሮላ በሽ ነው፤ ዲኤክስ ያላየ ማን አለ? ሶማሌ ተራ ብትወርዱ የመጥረጊያ ሞተሩን ከነመያዣው ታገኛላችሁ። ነፃ ንድፍ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። መካኒክ ጎረቤት፣ ብየዳ ቤት፣ የሬዲዮ ጠጋኝ በየሰፈሩ አለ። የጎደለን፣ እንደ እኔ ዕይታ፣ ክበቡን ከችግሩ ባለቤት ጋር የሚያገናኝ መንገድ ነው። ልጆቻችን ሮቦት የሚያሳዩት ለዳኛና ለወላጅ ቀን ነው፤ ነርስ፣ ገበሬ ወይም ወፍጮ ቤት ያላቸው እናት ቀርበው «እኔን የቸገረኝ ይህ ነው» የሚሉበት ቀን የለም። ይህ ደግሞ የተማሪ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ የአስተባባሪዎች ሥራ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር አንድ ነገር አድርጉልኝ። ኪቱን ከመክፈታችሁ በፊት ተማሪዎቹን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፤ የሕክምና መሣሪያ የሚጠግነውን ባለሙያ ፈልጉና «በትንሽ ነገር ምክንያት ቆሞ የቀረ ዕቃ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትሠሩትን ሁሉ ከእሱ ጋር ሥሩ፤ ታማሚ የሚነካ ነገር ከሆነ ደግሞ ያለ ሐኪምና ያለ ተቆጣጣሪው ፈቃድ ማንም ሰው ላይ እንዳትሞክሩ። ሴት ተማሪዎቻችሁን ጽሕፈትና ማስታወሻ ላይ አታስቀምጧቸው፤ መፍቻውን ስጧቸው። የሰማችሁትን ችግር በኮሜንት ጻፉልኝ፤ ተመሳሳይ ችግር ያገኙ ክበቦችን እርስ በርስ አገናኛለሁ።