ቫንዳሎች ሮምን አፍርሰዋል? ተረቱና እውነታው

ሐውልት የሰባበረ፣ የሕዝብ ንብረት ያወደመ ሰው በአውሮፓውያን ዘንድ እስከ ዛሬ «ቫንዳል» ይባላል። ስሙ የአንድ ጥንታዊ ጀርመናዊ ሕዝብ መጠሪያ ነው። ይህ ሕዝብ በ455 ሮም ገብቶ ከተማዋን አቃጠለ፣ አፈራረሰ እየተባለ ይተረካል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቫንዳሎች በሮም ላይ ከባድ በደል መፈጸማቸው አይካድም። የሚያሳዝነው ተረቱ ያልሠሩትን እየነገረን የሠሩትን ማስረሳቱ ነው።

ስማቸውን ይበልጥ ያጠፋው የፈረንሳይ አብዮት ነው። አብዮተኞቹ ቅርስ ሲሰባብሩ ያዩት ጳጳስ አንሪ ግሬጓር በ1794 ድርጊቱን ለማውገዝ የቫንዳሎችን ስም ሰጡት። የቫንዳሎች መንግሥት ከጠፋ ያን ጊዜ ከ1,200 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚከራከርላቸው ሰው አልነበረም።

ወደ 455 እንመለስ። የቫንዳሎች ንጉሥ ጋይሰሪክ ከሮማው ንጉሠ ነገሥት ከሣልሳዊ ቫለንቲንያን ጋር ስምምነት ነበረው፤ ልጁ ሁነሪክም የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ኤውዶክያን አጭቶ ነበር። በመጋቢት ወር ቫለንቲንያን ተገደለ። ዙፋኑን የያዘው ፔትሮንዮስ ማክሲሞስ የሟቹን ሚስት አገባ፣ ኤውዶክያንም ለገዛ ልጁ አደረጋት። ጋይሰሪክ ውሉ ፈርሷል ብሎ መርከቦቹን አዘመተ። ማክሲሞስ ሊሸሽ ሲል የሮም ሕዝብ ገደለው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቫንዳሎች ደረሱ። የሮማው ጳጳስ ልዮን ወጥተው ንጉሡን ተማጸኑት። በዘመኑ የነበረው ጸሐፊ ፕሮስፐር እንደሚለው ልመናቸው ከተማዋን ከእሳትና ከእልቂት አድኗታል፤ ከዝርፊያ ግን አላዳናትም።

ዝርፊያው 14 ቀን ቆየ። የቤተ መንግሥቱ ወርቅና ብር ተጫነ፤ ከጁፒተር ቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ በወርቅ የተለበጠው ነሐስ ግማሹ ተነቀለ፤ ሮማዊው ቲቶ በ70 ከኢየሩሳሌም የዘረፋቸው ንዋያተ ቅድሳትም ተወሰዱ። ሐውልት የጫነች አንዲት መርከብ መንገድ ላይ ሰጠመች። ሕንፃዎቹን በየጊዜው ያራቆቱት ግን ራሳቸው ሮማውያን ናቸው። በ458 ንጉሠ ነገሥት ማዮርያን ነዋሪዎች ጥንታዊ ሕንፃ እያፈረሱ ድንጋዩን እንዳይወስዱ በሕግ ከለከለ፤ ፈቃድ የሰጠ ሹም 50 ፓውንድ ወርቅ እንዲቀጣም ደነገገ። ቫንዳሎች ከሄዱ ገና ሦስት ዓመት መሆኑ ነው።

ትልቁ በደል በሰው ላይ የደረሰው ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሮማውያን ተማርከው ቫንዳሎች ቀድመው ወደያዟት የሰሜን አፍሪካ ከተማ ወደ ካርቴጅ ተጋዙ። የቫለንቲንያን ሚስት የነበረችው ንግሥትም ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ተወሰደች። የታሪክ ጸሐፊው የቪታው ቪክቶር እንደጻፈው፣ ምርኮኞቹ ለቫንዳሎችና ለአገሩ ተወላጆች ለሙሮች ሲከፋፈሉ ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከወላጆቹ ተነጠለ። የካርቴጅ ጳጳስ ደዮግራትያስ ይህን አይተው የቤተ ክርስቲያኑን የወርቅና የብር ዕቃ ሸጠው ምርኮኞችን ዋጁ፤ ማረፊያ ሲጠፋ በሁለት ትላልቅ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ አልጋና ጭድ አስነጠፉ። ራሳቸው በእርጅና የደከሙ ሆነው ሳለ ሌሊት ሳይቀር ከአልጋ ወደ አልጋ እየሄዱ ሕመምተኞቹን ይጠይቁ ነበር። በታሪክ መጻሕፍት ከተነቀለው ነሐስ በፊት ይህ ቢጠቀስ እመርጣለሁ።

«የሮማን መንግሥት የጣለው የ455ቱ ዝርፊያ ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። ይበልጥ የጎዳው በ439 ካርቴጅ መያዟ ነው፤ የምዕራቡ የሮማ መንግሥት ከሰሜን አፍሪካ የሚያገኘው እህልና ግብር በዚያው ቀረበት። አገሩን ለማስመለስ በ468 የተላከውን ግዙፍ የባሕር ኃይል ጋይሰሪክ በእሳት መርከቦች አወደመው።

ቫንዳሎች ጣዖት አምላኪዎችም አልነበሩም። ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሃይማኖታቸው ግን ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ ያወገዙት የአርዮስ ትምህርት ነው። በዚህ የተነሳ ሁነሪክ በ484 የኒቅያን እምነት የያዙትን አብያተ ክርስቲያናት ዘጋ፣ ጳጳሳቱን አሳደደ። ይህ በደል እውነተኛ ነው፤ ሊሸፋፈን አይገባም።

ሥርዓት አልባ ነበሩ እንዳይባል ደግሞ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ድንበር አካባቢ የተገኙት የእንጨት ሰሌዳዎች አሉ። በ490ዎቹ በቀለም የተጻፉ የገበሬዎች ውሎች ናቸው። መሬትና የወይራ ዛፍ ይሸጣል፣ ይገዛል፤ ቋንቋው ላቲን፣ ሕጉ የሮማ፣ የዘመኑ ቁጥር ግን በቫንዳሉ ንጉሥ በጉንታሙንድ ዘመነ መንግሥት ነው።

መንግሥታቸውን በ533 እና በ534 ያጠፋው የምሥራቅ ሮም ንጉሠ ነገሥት የዩስቲንያኖስ ጦር አዛዥ ቤልሳርዮስ ነው። ዘመቻውን አብሮ የተጓዘው የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፕዮስ ጽፎታል። ምርኮኛ ቫንዳሎች ፈረሰኛ ተደርገው ወደ ፋርስ ድንበር ተላኩ። ለመጨረሻው ንጉሥ ለገሊመር በገላትያ ርስት ተሰጠው፤ ከፍተኛው የፓትሪክ ማዕረግ ግን ቀረበት፤ የአርዮስን ሃይማኖት አልተውም ብሎ ነበርና።